ከግራ በኩል የተጠራ ስም

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ገደፋው፣ ቡሬ አጠገብ

የላኩት ቁራጭ ወረቀት ትናንት በእማሆይ አስካለ ማርያም እጅ ደረሰኝ። ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ ለጠየቁኝ ልመልስ። አዎ፣ ቴዎፍሎስ የእኔ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት አለ ወይ ላሉኝ፣ የለም። ክንፈሚካኤል ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።

ወረቀቱን ሳልከፍት ብዙ ጊዜ በእጄ ይዤው ተቀመጥኩ። እማሆይ፣ «አንቺ፣ ክፈቺው እንጂ! መርዶ ቢሆን በእኔ እጅ ይልኩታል?» ብለው ተቆጡኝ። መርዶስ ቢሆን ሌላ በማን እጅ ይላካል? ስልኩ ከነሐሴ ጀምሮ ዲዳ ነው። መንገዱም ዝግ ነው። ልጄ ለሩጫ ሥልጠና ቡሬ ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው መንገድ ባሕር ሆነብኝ። እርስዎ ሥልጠናው ሲበተን መሄጃ ያጣውን ልጅ መንገድ ዳር ሲሮጥ አይተው፣ በአሯሯጡ ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅዎን ሳነብ ወንበሩ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። ቀኝ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሮጠው። አባቱም እንደዚያ ነበር። እርስዎ ካላወቁት ማን ሊያውቀው ነው።

ስላስጠጉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰው ይልቅ ለእርስዎ መሆኑ ከብዶኛል፤ ለምን እንደከበደኝ አሁን አይጠይቁኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አይሩጥ።

የሚሮጥ ወጣት ሲያዩ ወዴት ነው የምትሮጥ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጎረቤቴ የዓለምብርሃን ልጅ አያቱ ባረፉ ዕለት ለዘመድ ሊናገር ወደ ማንኩሳ ሮጠ። ሯጭ አልነበረም፤ ለቅሶው አስቸኩሎት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዓለምብርሃን አሁን ሁለት ሐዘን ተቀምጣለች።

ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር ይበሉኝ። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝም የእሱ ደብተር ነው። ክንፈ ከሬዲዮ እየሰማ፣ ከጋዜጣ እየቀዳ፣ በዓለም ላይ የተሮጡትን ታላላቅ የወንዶች የ800 እና የ1500 ሜትር ውድድሮች በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጽፏቸዋል። መጀመሪያ የለየሁት ቁጥሩን ነው። ቀጥሎ «ዙር» የሚለውን ቃል ለየሁ፤ ዙር የሌለበት ገጽ የለምና። ደብተሩን ልጁ ይዞታል። ዝናብ እንዳይነካው ይጠብቁልኝ።

አይሩጥ ብያለሁ፤ አደራ።

ታንጉት፣ የክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ታንጉት

እንደምን ከረሙ ብዬ አልጠይቅም፤ እንዴት እንደከረሙ አውቃለሁ። ስለ ክንፈ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ማረፉን አልሰማሁም ነበር። ልጁ «አባቴ እንዲህ ይል ነበር፣ አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር» ሲል ቆም ብዬ «ነበር» የምትለዋን ሰማኋትና ነው የጠየቅሁዎ።

ይበላል ወይ ብለው በእማሆይ ላስጠየቁኝ፣ ይበላል። ባለቤቴ ሲሳይነሽ፣ «ይህ ልጅ አንድ ቀን ሞሰቡንም ይጨርሰዋል» ትላለች፤ እየሳቀች ነው። ይተኛል ወይ ላሉት፣ እንደ ድንጋይ። ያስለዋል ወይ ላሉት፣ አያስለውም፤ ግቢው የተሰጣ በርበሬ ስለሆነ ሁላችንም እናስነጥሳለን እንጂ።

አይሩጥ ያሉትን ግን አልቻልኩም። «ልጄ፣ ጊዜው የሩጫ አይደለም» አልኩት። «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ካቆምኩ እግሬ ይረሳል» አለኝ። «የእኔ እግር ሃያ አምስት ዓመት ቆሞ አልረሳም» ብለው ምርኩዜን አየና አቀረቀረ። በማግሥቱ ጫማውን ደበቅሁበት። የሲሳይነሽን ፕላስቲክ ጫማ አጥልቆ ሮጦ መጣ። ጫማው ተሰነጠቀ። አሁን በእኔ ላይ የተቆጣችው እሷ ናት።

ከማሳ ስንመለስ ያንን ደብተር ያነብልናል። የክንፈ እጅ ጽሑፍ አልተለወጠም። ታዲያ እንጣላለን። ልጁ ከሁሉ የሚበልጠው የለንደኑ ነው ይላል፤ ኬንያዊው 800 ሜትሩን ያለ አሯሯጭ፣ ከፊት ሆኖ ጀምሮ ከፊት ሆኖ የጨረሰበት፣ 1፡40.91። «ጋሼ፣ ስምንተኛ የወጣው ሰውዬ እንኳ በዚያ ሰዓቱ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ኦሊምፒኮች ያሸንፍ ነበር'ኮ!» ይለኛል። እኔ የምመርጠው የታንዛኒያውን ሰው ነው፤ በክራይስትቸርች 1500 ሜትር ላይ ማንንም ሳያማክር ከተኩሱ ጀምሮ ብቻውን ወጣ፤ ሲያሳድዱት ዋሉ፤ አልያዙትም። ከተኩሱ የሚለውን ስጽፍ እጄ ፈራ። ይህ ቃል ድሮ ሌላ ነበር። ሲሳይነሽ ደግሞ፣ «እኔ ባለባርኔጣውን ነው የምመርጥ፤ በሙኒክ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ከሁሉም ፊት የገባውን። እናንተ መቅደም እንጂ መድረስ አታውቁም» ትለናለች።

አሁን ያስፈራኝን ልጻፍ። ይህ ልጅ ሲሮጥ ከኋላው ቢጠሩት አይዞርም። ለምሳ ጠራሁት፤ አልዞረም። ያልሰማኝ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ፣ «ሰምቼዎታለሁ። አባቴ በሩጫ ላይ ስምህን ቢጠሩህ አትዙር ብሎኛል» አለኝ። ለሜዳ መልካም ምክር ነው። ለዘንድሮ መንገድ ግን፣ የሚጠራው የእኔ ዓይነቱ ሽማግሌ ብቻ አይደለም። አንገቱን የሚያዞርበት መላ ካለ ይጻፉልኝ።

ሌላው ትንሽ ነገር ነው። ደብተሩ መካከል ላይ ሁለት ቅጠሎች ዙሪያቸውን በጥቁር ክር ተሰፍተዋል። ልጁ፣ «እማዬ ናት የሰፋችው፤ ተቀዶ ነው» ይላል። የተቀደደ ወረቀት ዙሪያውን አይሰፋም። አልፈታሁትም። ግን ምንድን ነው?

ገደፋው


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ገደፋው

እማሆይ ለመሄድ ቸኩለዋልና አጭር እጽፋለሁ። ከወንዙ ማዶ የምንሰማው ድምፅ ከሐሙስ ጀምሮ ቀርቧል። እኛ ደህና ነን። ደህና የምለው በር ዘግተን መቀመጣችንን ነው።

መላ ላሉት፣ አንድ መላ አለው። ልጁ የሚዞረው ለአንድ ስም ብቻ ነው። ከታቀፍኩት ቀን ጀምሮ ገዴ እለዋለሁ፤ የእኔ ገድ ለማለት ነው። አባቱ አትዙር ብሎ ያስተማረው በመጽሐፍ ስሙ ቴዎፍሎስ እየጠራው ስለነበር ነው መሰል፣ ገዴ ስለው ሳያስበው ይዞራል። የእርስዎም ስም ቁልምጫ መሆኑን አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሲጠሩት ከግራው ይሁኑ። ቀኝ ጆሮው በልጅነቱ ታሞ ደህና አይሰማም።

የተሰፋው ገጽ ተቀዶ ነው።

ታንጉት


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ገደፋው

ሦስት መስመር ነው የጻፉልኝ። ሰላምታም ፊርማም የለውም። በ1989 ዓ.ም. ቡሬ ሜዳ ላይ፣ በ1500ው የመጨረሻ ማዞሪያ፣ «የጠሩት እኔን ነበር ወይስ ገድዎን?» ብለው ጠየቁኝ።

እርስዎን ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሲጻፍ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ። አሁን ስለጀመርኩት ልጨርሰው።

በዚያ ዓመት ክንፈን ሦስት ጊዜ ቀድመውታል። እኔ ታጭቼለት ነበር፤ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ከባሕር ዳር የመጡት ሰዎች አንደኛ የወጣውን ብቻ ለክለብ ሊወስዱ እንደሆነ ሜዳው ሁሉ ያወራ ነበር። ከማዞሪያው ውስጥ፣ ገመዱ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ለሯጩ በግራ በኩል ማለት ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ወደ እኔ ሲመጡ በአራት እርምጃ ይመሩ ነበር። ክንፈ ጥርሱን ነክሷል። እንደማይደርስብዎ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። እናትዎ ገበያ ላይ ሲጠሩዎ ሰምቻቸው ነበር። ያንን ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራሁት። ወደ ግራ ዞሩ። ክንፈ በቀኝዎ አለፈ።

አጠገቤ የነበሩት፣ «ገዴ ገዴ አለች፤ ይኸው ገዷ ቀና!» ብለው እልል አሉ። የክንፈ እናት ግንባሬን ሳመችኝ። የሰው ስም መጥራቴን ከእርስዎ ሌላ ማንም አላወቀም ብዬ ተጽናናሁ። እርስዎም ቢሆኑ እርግጠኛ እንደማይሆኑ ገብቶኝ ነበር። አስቤ ያደረግሁት ነው የምልዎ ለዚህ ነው። ድንገት ያመለጠኝ ቃል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የተመቸ አይሆንም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እርስዎ ዘመቱ። በምርኩዝ እንደተመለሱ ሰማሁ። ስንት ጊዜ ቡሬ ለገበያ መጥቼ ደጅዎን አልረገጥሁም።

ክንፈም ክለቡ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ጅማቱ ተበጠሰና የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ። ደብተሩን ያኔ ጀመረ። ማንበብ ስለማልችል እሱ ያነብልኝ ነበር፤ የለንደኑን፣ የሙኒኩን፣ ሌላ ኬንያዊ ሐሞቱን እያመመው በሜክሲኮ ያሸነፈበትን። እኔ እህል እየለቀምኩ እሰማለሁ። ሁሉንም ያነበበልኝ መስሎኝ ነበር። ካረፈ በሁለተኛው ዓመት ግን ፊደል እየቆጠርኩ፣ ያላነበበልኝ አንድ ውድድር ላይ ደረስኩ።

በፈረንጆቹ 1954 የተሮጠ ነው። ቫንኩቨር በምትባል የካናዳ ከተማ፤ አንድ ማይል፣ ከ1500 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። በዚያን ጊዜ ማይሉን ከአራት ደቂቃ በታች የሮጡት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ያን ቀን ሁለቱ ተገናኙ። አውስትራሊያዊው ከፊት ይመራ ነበር። በመጨረሻው ማዞሪያ ላይ ሌላው የት እንደደረሰ ለማየት በግራ ትከሻው ዞረ። በዚያች ቅጽበት እንግሊዛዊው በቀኙ አለፈው። ክንፈ ይህን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሯል። ከመስመሩ በታች በደቃቁ እንዲህ ይላል፦ «ይህችን ለታንጉት አላነብላትም።»

ያውቅ ነበር። በአንድ ገበታ ስንበላ፣ ልጅ ስናስጠምቅም ያውቅ ነበር። ስሰማው ፊቴ ምን እንደሚል ፈርቶ ይሁን ወይም ለራሱ አፍሮ፣ አላውቅም። ልጁ ሲጠራ እንዳይዞር ለምን እንዳስተማረው ያኔ ገባኝ። ገጹን ሰፋሁት።

ለልጄ ያንን ስም ለምን ሰጠሁት ቢሉኝ፣ የእኔ ገድ ነው እላለሁ። በየቀኑ ከአፌ እንዳይጠፋ የፈለግሁት ሌላ ነገር እንደሆነ ግን እርስዎ ያውቃሉ።

እንግዲህ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። እኔ አንድ ሰው ጠርቼ አዞርኩ፤ በዚያ ምክንያት ልጄ ሲጠራ የማይዞር ሆነ፤ እሱም አሁን በእርስዎ እጅ ነው። ቢያስወጡት አልፈርድብዎትም። ግን በቀን ያስወጡት። ሲወጣም እየተራመደ ይሁን።

ታንጉት


ቡሬ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

(ከላይ በእጥፋቱ ላይ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰው ልጅዎ ራሱ ነው። ከእሱ እጅ ካልሆነ አይክፈቱት።)

ለታንጉት

ልጁ ደህና ነው። ከፊትዎ ቆሞ እያዩት ቢሆንም ልጻፈው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ ቀና እያሉ ይዩት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኞ፣ ኅዳር 17 ነው። አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽም። ሲሳይነሽ፣ «ምን ጻፈችልህ?» ብትለኝ፣ «ስለ በርበሬ ነው» አልኳት። «የሰው ፊት እንዲህ የሚያጠቁር ምን ዓይነት በርበሬ ነው?» አለችኝ። ልጁን ወደ ዘመድ ልስደደው ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞ ጠዋት ፊቱን ላለማየት ገና ሳይነጋጋ ማጭዴን ይዤ ወደ ዳጉሳው ወረድኩ።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ አልጽፍም። ይህ ወረቀት በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም። ልጁ ከታች በመንገዱ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ሰዎች ነበሩ። «ቁም!» አሉት። አልዞረም። አንገቱን ደፍቶ ጨመረ፤ ልክ የመጨረሻው ዙር ደወል እንደተደወለለት። ቴዎፍሎስ ብዬ ጮህኩ። ጨመረ። ደግሜ ጮህኩ። ከሰዎቹ አንዱ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ለጸሎት አልነበረም።

እኔ በግራው ነበርኩ። ገዴ! አልኩ።

ሰው በራሱ ስም ሲጮህ እንዴት እንደሚሆን ልነግርዎ አልችልም። ዞረ። እኔን አየ፣ ኋላውን አየ፣ ቆመ። እጁን አነሳ። እኔም ማጭዴንም ምርኩዜንም ጥዬ እጄን አነሳሁ፤ ያለ ምርኩዝ መቆም እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ምን ብለህ ነው የጠራኸው? መታወቂያው ላይ ስሙ ሌላ ነው» አሉኝ። «ገዴ ነው ያልኩት፤ የእኔ ገድ ነው» አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

ከዚያ ልጁን ፈትሸው ከጉያው ደብተሩን አገኙ። ቁጥሩ አሳበዳቸው። «3፡32.2 ምንድን ነው? የስንት ሰዓት ቀጠሮ ነው? የት ነው?» ይሉኛል። «ክራይስትቸርች ነው፣ ጌቶቼ» ብል፣ «የትኛው ቀበሌ?» አለኝ አንዱ። «አሯሯጭ» የምትለዋ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ «ይህ አሯሯጭ የተባለው ማን ነው? ስሙን ተናገር» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሩጫ ተርኬ አላውቅም። አፌ ደርቆ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትወጣ፣ ባለባርኔጣው እንዴት ከኋላ እንደመጣ እነግራቸዋለሁ፤ ልጁ የረሳሁትን ይሞላልኛል፤ ሰዓቱን አንዱንም አልሳተም።

የተሰፋውን ሲያገኙ፣ «ይኸው ምስጢሩ!» ብለው ክሩን በጩቤ በጠሱት። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አውስትራሊያዊው እስከዞረበት፣ እንግሊዛዊው እስካለፈበት። «ለታንጉት አላነብላትም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ታንጉት ማን ናት?» አለ። «እናቴ ናት» አለ ልጁ። ሰውየው ገጹን ደግሞ በዓይኑ አነበበው። ሁለቱን ቅጠሎች ገንጥሎ፣ «ይህ የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ደብተሩን አስቀሩት። ክንፈ ዕድሜውን ሙሉ ከጻፈው የቀረው እርስዎ የሰፉት ብቻ ነው። ልጁ ይዞልዎታል።

ለምን እንዳላነበበልዎ ጠይቆኛል። እናትህን ጠይቅ ብየዋለሁ።

ለሦስት መስመሬ መልስ ስለሰጡኝ፣ እኔም አንድ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ። ያን ቀን የዞርኩት ማን እንደሚቀድመኝ ለማየት አልነበረም፤ እግሩን እሰማው ነበር። ከእናቴ ሌላ ገዴ የሚለኝ ማን እንደሆነ ለማየት ነው። ፊትዎን አየሁት። እኔን ይሁን ገድዎን፣ ከፊትዎ ማንበብ አልቻልኩም። መሸነፉ በዓመቱ ወጣልኝ። ያልወጣልኝ ይህኛው ነው።

ነገ ከእማሆይ ጋር ይነሳል። ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ አንድ እርምጃ እንዳይሮጥ በመስቀላቸው አስምዬዋለሁ። «ጋሼ፣ እማሆይ'ኮ ከኤሊ ያዘግማሉ!» አለኝ። እሳቸው ሰምተው፣ «በእኔ አካሄድ የሞተ ሰው የለም። ተራመድ» አሉት። ሲሳይነሽ በርበሬ አሸክማዋለች። ስለ ጫማዋ ይቅር ብላዋለች።

ገደፋው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ገዴ፣

እንዲህ ብዬ በመጀመሬ አትቆጣኝ። አንቱ እያልኩ ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ።

ደብዳቤህ በእማሆይ እጅ ደረሰኝ።

በእማሆይ እጅ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ብቻቸውን መጡ። ከቀሚሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ እጥፋቱ ላይ የጻፍከውን አነበብኩት። ከእሱ እጅ ካልሆነ አይክፈቱት። ማንበብ ባልተማርኩ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። እማሆይ ያወራሉ፤ ከንፈራቸውን አያለሁ፣ አልሰማም። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አልከፈትኩትም። ካልከፈትኩት ያልሆነ መሰለኝ።

ከኋላዬ፣ ከጓሮው በኩል፣ «እማ» የሚል ሰማሁ።

አልዞርኩም። ዘንድሮ ከኋላ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ ያረዳኛል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞም የሌለ ሰው ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። «እማ» አለ ደግሞ። አልዞርኩም። ዞሮ መጣና በግራዬ ቆመ። ጆንያ ተሸክሟል፤ ፊቱ በላብና በበርበሬ ቀልቷል። «እማሆይ ቀደሙኝ'ኮ» አለኝ። «ማልኩላቸው፣ ከመራመድ በቀር አልችል፤ በጓሮ ባቋርጥ እደርስባቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

እማሆይን፣ «ደብዳቤውን ለምን ተቀበሉት?» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በመነኩሴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ምነው ልጄ! ደብዳቤ አድራሿ እኔ አይደለሁም? ከጥቅምት ጀምሮ ያደረስኩ እኔ፣ ዛሬ ለልጅ ልተው?» አሉኝ። የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ልጄን ስለቀደሙት ተቆጭቼ ያለቀስኩ መስሏቸው፣ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ» ብለው አጽናኑኝ።

ሁለቱን ቅጠሎች ሰጠኝ። የክሩ ቀዳዳ ዙሪያውን አለ። የዚያን ዕለት ምንም አልጠየቀኝም። በማግሥቱ በርበሬውን ስንለቅም፣ «አንብቢልኝ» አለኝ። «ሰምተኸው የለ?» አልኩት። «በእነዚያ ሰዎች ድምፅ ነው የሰማሁት» አለ። አነበብኩለት። በዝግታ ነው የማነብ፤ ታውቃለህ። አውስትራሊያዊው በግራ ትከሻው ዞረ። እንግሊዛዊው በቀኙ አለፈ። ይህችን ለታንጉት አላነብላትም። እሱንም አነበብኩት። ከዚያ በገጹ ላይ የሌለውን፣ ቡሬ ሜዳ ላይ የሆነውን፣ ከራሴ ጨመርኩ።

አንድ በርበሬ አንስቶ ጭራውን ቆረጠ፤ ሌላ አነሳ። በኋላ፣ «ስሙ የጋሼ ገደፋው ነዋ» አለኝ። «የአንተም ነው» አልኩት። «ሁለታችንም ዞርን» አለ። ከዚያ ወዲህ ገዴ ስለው ወዲያው አይዞርም፤ ትንሽ ይቆያል። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፤ ያቺን ትንሽ ጊዜ እጠብቃታለሁ። እፈራታለሁ።

ደብተሩ እንደቀረ ሰምቼ አዝኛለሁ። ግን አዲስ ገዝቼ ጀምረናል። እሱ ሰዓቱን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የክራይስትቸርቹን አንተ ብትልክልን ጥሩ ነው፤ ላንተ የሚበልጠው እሱ ነውና። ባለባርኔጣውን ለሲሳይነሽ ትተናል።

ይሮጣል ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ይሮጣል። በግቢው ውስጥ ብቻ፤ ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር አርባ እርምጃ ናት። እኔ በግራው እቆማለሁ። መንገድ ላይ ድምፅ ስሰማ እጠራዋለሁ፣ ይቆማል። ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ ጠራሁት። ሁለቱ የፍየል ኮቴ ነበር። ሌሎቹን አላውቅም።

እማሆይ ነገ ይመለሳሉ። መንገዱ ከፈቀደላቸው ይህ ይደርስሃል። ከደረሰህ፣ ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ቃል ደግመህ አንብበው። ከዚያ ማዞሪያ ወዲህ ስጠራህ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የእኔን ገድ አይደለም የጠራሁት፤ አንተን ነው።

ታንጉት